ለአምስት ቀን የተከፋፈለ ሰላምታ

በእኛ ጊዜ ሰላምታ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። እንደ ዛሬው ቅንድብ ብቻ አንስቶ ማለፍ የለም። አባቴ ከቢቸና ወጣ ካለው አገራችን ተነሥቶ በበቅሎ ወደዚህ ወደ ሞጣ ሲመጣ፣ ሽማግሌ ካገኘ ይወርዳል፤ ቄስ ካገኘ ይወርዳል፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ካገኘማ ወርዶ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል። ወርዶ ምን ይላል? እንዴት ከረማችሁ ይላል። እና በዚያ አያበቃም፤ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ሰብሉ እንዴት ያዘ፣ እናትህ ዓይናቸውን ተሻላቸው ወይ፣ ያ የተኛው በሬ ተነሣ ወይ። ያኛውም በተራው እንደዚሁ ይጠይቃል። በቅሎዋ ከመልመዷ የተነሣ ሰው ከሩቅ ስታይ ራሷ ትቆም ነበር። አንድ ጊዜ እዚህ ሞጣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ኖሮት እኔን አፈናጦ መጣና፣ በየመንገዱ ሰላም ሲል ረፈደበት። ደረስን። ባላጋራው አልመጣም። ዳኛውም አልመጣም። ሁሉም በየመንገዱ ወርደው ሰላም እየተባባሉ ነበር።

ሳቂ፣ ሰብለ፣ ሳቂ። ከመጣሽ ጀምሮ ጥርስሽን አሁን ማየቴ ነው።

አያ መኮንን፣ አንቱ አልሰሙም እንጂ ይቺ የእህቴ የልጅ ልጅ ቢቸና ባንክ ቤት መስኮት ላይ ነው የምትሠራው። ገበሬው ሲመጣ እንዴት ከረሙ ትላለች፤ እሱም ከተጠየቀ ይመልሳል፤ ሰው ነዋ። ታዲያ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ሰልፍ ታበዣለሽ፣ ደንበኛ ታስቆሚያለሽ ብሎ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ሰጣት። ደጃፉ ላይ ገንዘብ የሚሰጥ ማሽን ሊተከል ነው፤ እንዲህ ከቀጠልሽ ለመስኮቱም ሰው አያስፈልገንም አላት። እና ዛሬ ፊቷን አጥቁራ መጥታ፣ እትዬ፣ ልልቀቅ ወይስ እንደነሱ ልሁን ትለኛለች።

ስሚኝ እንግዲህ። ይኼ ነገር በእኔ ላይ ደርሷል። አሜሪካን አገር ነው የደረሰብኝ፤ እኔም አሸንፌ ነው የመጣሁት። ከዚያ አገር ይዤው የመጣሁት ሌላ ብዙ ነገር የለም።

ቢቸና መምህርት ነበርኩ፤ ታሪክ ነበር የማስተምረው። በደርግ ጊዜ አንድ ቀን ከክፍል ጠሩኝና በቃሽ አሉኝ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ጠመኔው በእጄ እንዳለ ነው የወጣሁት። ሱዳን፣ ከሱዳን አሜሪካ። እናንተ እዚህ ደርግ ወደቀ ስትሉ እኔ ሲያትል የሚባል ከተማ ገባሁ። ዝናብ የማይለቀው አገር ነው፤ መንፈቁን ሙሉ የሞጣ ሐምሌ በሉት። ያስተማርሽበትን ወረቀት አምጪ አሉኝ። ወረቀቱ የት አለ? ቢቸና። ማን ይሰጠኛል? ማንም። እና መምህርቲቱ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገባች።

ከአንድ ትልቅ ፎቅ ሥር ነው፤ መኪናው የሚቆመው ደርብ በደርብ ነው፣ መውጫው ከታች። መውጫው ላይ አንድ ወንበርና አንዲት ሴት ብቻ የምትይዝ የመስታወት ክፍል አለች። ማታ ሰው ከሥራ ሲወጣ መኪናው መጥቶ ይቆማል፣ መስኮቱ ዝቅ ይላል፣ እጅ ይወጣል፣ እጁ ቲኬቱንና ክፍያውን ይሰጠኛል፣ መንገዱን የዘጋውን ዘንግ አነሣለታለሁ፣ ይሄዳል። አሜሪካንን ያየኋት በእጅ ነው። ፊት የሚያሳየኝ ጥቂት ነበር። ቀለበት ሲገባ አይቻለሁ፣ ቀለበት ሲወጣም አይቻለሁ። አንድ እጅ ነበር፣ ትልቅ የወርቅ ሰዓት ያሰረ፤ ጥፍሮቹ ግን እስከ ሥጋው ተነክሰው አልቀዋል። ባለ ሰዓቱ እለዋለሁ ለራሴ። ሌላው እጁ ሁልጊዜ ስልክ ጆሮው ላይ ይዟል፤ አንድም ቀን ዞሮ አላየኝም።

ታዲያ የገባሁበት ጊዜ አሜሪካ የምትፈነድቅበት ጊዜ ነበር። ዘንድሮ ባዶ ያየሁት ቦታ ላይ ለከርሞ ፎቅ አያለሁ። ኮምፒውተር ሁሉን ሀብታም አደረገውና የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ኩባንያ አለኝ ይላል፤ ኩባንያህ ምን ይሸጣል ስትሉት እሱም በደንብ አያውቀውም። ሽንት ቤት የሚያጥበው ሰውዬ ሳይቀር ስለ አክሲዮን ያወራል። ስገባ ወንዶቹ በክራባት ነበር ሥራ የሚሄዱት፤ ቆይቶ በቁምጣና በሰንደል ሆነ፣ ያውም ውሻቸውን አስከትለው። ሴቶቹ አለቃ ሆኑ፤ እሱን ወድጄላቸዋለሁ። መኪናው ደግሞ በየዓመቱ ቁመት ይጨምራል። መጀመሪያ አጎንብሼ ነበር የማያቸው፤ በኋላ አንጋጥጬ ሆነ። ሁለት ሺህ ሲገባ ኮምፒውተር ሁሉ ይቆማል ተብሎ ሲጨነቁ፣ እኔ ገና ስምንት ዓመት አለኝ፣ እኛ ዘንድ ዘጠና ሁለት ነው አልኳቸው። ቀልድ መሰላቸው።

እና ሁሉ ነገር ሞልቷል፤ ጊዜ ግን የላቸውም። ቡናውን በወረቀት ይዞ እየሮጠ የሚጠጣ ሕዝብ ነው።

ስህተቴን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ያሳደገኝን ሰላምታ አወረድኩባቸዋ። አንዲት ሴት መስኮቷን ዝቅ አደረገች፤ ዳያን ትባላለች፣ ጠበቃ ናት፣ ስሟን በኋላ ነው ያወቅሁት። እንዴት ነሽ አልኳት፤ ደኅና አለች። ልጆችሽስ? አየችኝ። ደኅና ናቸው። እናትሽስ? አባትሽስ? ሥራው እንዴት ይዞሻል? ኋላዋ ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ነፉ፤ አንዱ ሲጀምር ሁሉም ተከተለ፣ በዚያ ምድር ቤት ውስጥ ጆሮ ይበጥሳል። ሴትዮዋም በኋላ ለአለቃዬ፣ ስለ ቤተሰቤ ለምን ትመረምረኛለች፣ ማን ናት ብላ ነገረችው።

አለቃዬ ኬቨን ይባላል፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ማስቲካ ያኝካል። አስካለ ማለት ስለማይችል አስካ ይለኛል።

«አስካ፣» አለኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ነገር ብቻ ነው የምትናገሪው። ሃሎ። አመሰግናለሁ። መልካም ቀን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዘንጉን ታነሺያለሽ።»

«ሰውዬው ታሞ ቢሆንስ?»

«ሐኪም ቤት ይሂድ።»

አንድ የደብረ ማርቆስ ልጅ አብሮን ይሠራ ነበር፤ ታደሰ ይባላል፣ ፎቁ ላይ መኪና የሚያስደረድር። ሲስቅብኝ ዋለ። «መምህርት፣ ይኼ እኮ የሞጣ መናኸሪያ አይደለም። በሬው ተነሣ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂያቸው አደራ።»

ቤቴ ገብቼ አሰብኩበት። ሰው እንደ ግንድ እያሳለፍኩ መኖር አልችልም፤ ሥራውንም አልለቅም፤ የቤት ኪራዬም የሕክምናዬም ዋስትና እሱ ነው። ታዲያ ምን አደረግሁ? ሰላምታዬን ለአምስት ቀን ከፋፈልኩት። ሰኞ ራሱን፣ ማክሰኞ ልጆቹን፣ ረቡዕ ከብቱን፣ ሐሙስ እናት አባቱን፣ ዓርብ ሥራውን። በቀን አንድ ጥያቄ፤ ዘንጉ እስኪነሣ ድረስ ያልቃል፣ ጥሩምባም አያስነፋም። ዓርብ ማታ ሳምንቱ ሲያልቅ ሙሉ የጎጃም ሰላምታ ሰጥቻቸዋለሁ ማለት ነው፤ እነሱ ግን አያውቁትም።

«ከብቱን አሉ?» አሉ አያ መኮንን። «ከብት አላቸው እንዴ ከተማ ውስጥ?»

ከብትማ የላቸውም። ውሻ አላቸው። እና ረቡዕ የውሻ ቀን ነበር። ይመኑኝ አያ መኮንን፣ ስለ ልጁ አንድ ቃል የሚመልስልኝ ሰው ስለ ውሻው አሥር ቃል ይመልስልኛል። ውሻ የሌላቸውን ስለ መኪናቸው እጠይቃለሁ፤ እሱም ያው ነው።

ዓመት ሳይሞላ ለመዱት። ያቺ የከሰሰችኝ ዳያን ራሷ መስኮቷን ዝቅ እያደረገች፣ «ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ትንሿ ጥርሷ ወለቀ፣» ትለኛለች ሳልጠይቃት። ባለ ሰዓቱ ብቻ ነው ስልኩን ከጆሮው ያላወረደው። እኔ ግን አልዘለልኩትም። ለዚያ ለተነከሰ ጥፍር ሐሙስ ሐሙስ፣ እናትህ እንዴት ናቸው እላለሁ። መልስ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ የለም። በመኪናና በመኪና መካከል መጽሐፌን አነባለሁ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ቅርብ ነበር፤ መደርደሪያ በመደርደሪያ እየወረድኩ ስጨርሰው፣ የአገራቸውን ታሪክ ከሚያልፉብኝ ሰዎች አብልጬ አወቅሁት። የጠየቀኝ ግን የለም።

ያ ሀብት እየበዛ ሄዶ ሄዶ ማሽን አመጣብኝ።

ከእኔ መስኮት ጎን ሌላ መውጫ ከፍተው ተከሉት። ካርድ ይጎርሳል፣ ዘንግ ያነሣል። ደግሞም ይናገራል፤ የሴት ድምፅ አላት። ምን ትላለች መሰላችሁ? ሃሎ። አመሰግናለሁ። መልካም ቀን። ኬቨን ለእኔ የሰጠኝን ሦስቱን ቃል ቆጥሮ ለሷ ሰጣት።

ኬቨን መጣ። «አስካ፣ ሦስት ወር ሙከራ ነው። ሁለት መውጫ አለ። በመጨረሻው ዓርብ መኪና እቆጥራለሁ። ያነሰው መውጫ ይዘጋል።»

«እኔስ ከተዘጋሁ?»

«ምንም በግልሽ የመጣ አይደለም። ማሽኑ ግን አይደክመውም፣ አያወራም፣ መጽሐፍ አያነብም።»

በሕይወቴ ሁለተኛውን በቃሽ እየሰማሁ ነው አልኩ በልቤ። የመጀመሪያውን ያሉኝ ሰዎች ናቸው። አሁን ደግሞ ለብረት ልለቅ ነው። ዕድሜዬ ከሃምሳ አልፏል፣ ከዚያ መስኮት ሌላ የሚቀበለኝ መስኮት የለም። ታዲያ ምን ትሉኛላችሁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ወደ ማሽኑ ነጎዱ። ቶሎ ነዋ። ዳያንም ሄደች፤ እጇን አውለብልባልኝ ሄደች። የእኔ መውጫ ጭር አለ። አንድ መጽሐፍ በሁለት ቀን የጨረስኩት ያን ጊዜ ነው። ታደሰ ከላይ ወርዶ፣ «መምህርት፣ ከብቶቹ ግጦሽ ቀየሩ፣» አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ይኼን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ወር አለፈ። አንድ ሐሙስ፣ ዝናብ ነው፣ አንድ ረጅም ጥቁር መኪና ወረደ። የማሽኑ መውጫ ባዶ ነው፣ ብርሃኑ አረንጓዴ። መኪናው እሱን አልፎ እኔ ዘንድ መጥቶ ቆመ። መስኮቱ ዝቅ አለ። እጁ ወጣ። ባለ ሰዓቱ ነው። ስልክ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየሁት፤ ሰው ነው ለካ፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«ዛሬ ሐሙስ ነው፣» አለኝ።

«አዎ።»

«ሐሙስ ሐሙስ ስለ እናቴ ነበር የምትጠይቂኝ።»

«እንዴት ናቸው?»

«ማክሰኞ ሞተች።»

ታዲያ እኔ ምን ልሁን? ሰው እናቴ ሞተች ብሎኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቲኬት ልቀበል? የቢቸና ሴት እንዴት አድርጋ? ካፖርቴን ደረብኩና የክፍሊቱን በር ከፍቼ ወጣሁ። ከዚያች ክፍል መኪና ፊት መውጣት ክልክል ነው፤ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ወጥቼ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ነፍሳቸውን ይማር አልኩት፣ በአማርኛ ነው ያልኩት፤ በዚያች ሰዓት እንግሊዝኛው ጠፋኝ። ሰውየው አየኝ፤ አየኝና ሞተሩን አጠፋ። በሩን ከፈተ። ወረደ።

«ከመኪናው ወረደ?» አሉ አያ መኮንን።

ወረደ። ያ ሁለት ዓመት አንገቱን ያላዞረልኝ ሰው ያን ከሚያህል መኪና ወርዶ፣ ፊት ለፊቴ እጁን አጣምሮ ቆመ። ስለ አባቴ ማንም አልነገረው። ስለ በቅሎዋ ማንም አልነገረው። በየትም አገር ሐዘን ሰውን እንደሚያወርድ ያን ቀን አወቅሁ። እናቱን ጠየቅሁት፤ የት ነበሩ፣ ምን ያማቸው ነበር፣ ሌላ ልጅ አላቸው ወይ። ሩቅ ከተማ በሽማግሌዎች ማቆያ ነበረች አለኝ። «አንቺ ሐሙስ ሐሙስ ትጠይቂኝ ስለነበር እደውልላት ነበር። መልስ አልሰጥሽም እንጂ እንደወጣሁ እደውላለሁ። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ረሳሁት። ወር ሙሉ አልደወልኩም።»

አብሬው ቆምኩ።

ከኋላው መኪና ተሰልፏል። ስድስት፣ ሰባት ይሆናል። የማሽኑ መውጫ ክፍት ነው። አንድም ጥሩምባ አልተነፋም። አንድም ወደዚያ የዞረ የለም። ዳያን ከኋላ ሦስተኛ ነበረች፤ መስኮቷን ከፍታ ታያለች። በመጨረሻ ሰውየው እጄን ጨብጦኝ፣ ስሜ ሪቻርድ ነው ብሎኝ ሄደ። ከኋላው ያለው መጣ፤ መስኮቱን ከፈተ፤ እኔም ገብቼ ተቀምጬ፣ እናት አባትህ እንዴት ናቸው አልኩት። ሐሙስ ነዋ።

ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ። ስለወደዱኝ አይምሰላችሁ፤ ከእነዚያ ውስጥ አንድም ቤቱ የጠራኝ የለም፣ አንድም የምን አገር ሰው ነሽ ብሎ መልሴን እስክጨርስ የጠበቀ የለም። የፈለጉት የሚጠይቃቸውን ነው። በዚያ ሁሉ ፎቅ፣ በዚያ ሁሉ ስልክ፣ ልጅህ እንዴት ነው የሚላቸው አንድ ሰው አጥተው ነበር። ያም ሰው እኔ ሆንኩ፣ በቃሽ የተባልኩት።

የመጨረሻው ዓርብ ደረሰ። ኬቨን በአውራ ጣት ጠቅ ጠቅ የሚያደርጓትን መቁጠሪያ በሁለት እጁ ይዞ፣ አንዷን ለእኔ፣ አንዷን ለማሽኑ፣ በመካከላችን ቆመ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ሰው ሥራ ለቀቀ። የእኔ ሰልፍ መውጫውን ሞላ፣ ታጠፈ፣ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወጣ። ታደሰ ከላይ እየጮኸ፣ «መምህርት፣ ሦስተኛው ፎቅ ደርሷል፣» ይለኛል። ማሽኗ በባዶ መንገድ ላይ አረንጓዴ እያበራች ቆማለች። ኬቨን ፊቱ ቀላ። ዳያን መኪና ዘንድ ሄዶ መስኮቷን አንኳኳ።

«ያኛው ክፍት ነው፣ እዚያ ቶሎ ይወጣሉ።»

«ክፍት እንደሆነ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይቆማሉ?»

«ዛሬ ዓርብ ነው። ሥራዬን ትጠይቀኛለች። ዛሬ ደግሞ አንድ ክርክር አሸንፌያለሁ።»

የቀኝ አውራ ጣቱ ሲደክመው፣ የግራው እጁ ሥራ ፈቶ ማየቴ እስከ ዛሬ ያጠግበኛል። ይቅር ይበለኝ፣ ያጠግበኛል።

ሰው ሲያልቅ መስኮቴ ዘንድ መጣ። መቁጠሪያዋን ሊያሳየኝ ሲል አላየሁለትም፤ መጽሐፌን ገለጥኩ።

«አስካ፣ ምን እያልሽ ነው የምታስቆሚያቸው?»

«ሃሎ፣ አመሰግናለሁ፣ መልካም ቀን።»

«እውነቱን።»

«ኬቨን፣ እናትህ እንዴት ናቸው?»

«ደኅና ናት።»

«መቼ ጠየቅሃቸው?»

ማስቲካውን ማኘክ አቆመ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ላይ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት የማሽኑ መውጫ ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ያ ፍንደቃ እንደመጣው ሄደ፤ ምን እንደሚሸጡ የማያውቁት ልጆች ኩባንያቸውን ዘግተው ወጡ፣ ፎቁ ግማሹ ባዶ ሆነ። ማሽኗን ነቅለው በጭነት መኪና ሲወስዷት እኔ መስኮቴ ላይ ተቀምጬ ዘንጉን አነሣሁላት። ወጣች። እኔን የሚነቅል ግን አልተገኘም። ጡረታዬ እስኪደርስ ተቀምጬ፣ ራሴ በቃኝ ብዬ ነው የተነሣሁት። በቃሽ አይደለም፤ በቃኝ።

እና ሰብለ፣ አትልቀቂም፤ እንደነሱም አትሆኚም። ሰላምታሽን አከፋፍይው።

«እትዬ፣» አለች ሰብለ፣ «የእርስዎ ሰዎች በየቀኑ ይመጣሉ። የእኔ ገበሬ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፣ ያውም በገበያ ቀን። ለማን አከፋፍዬ ለማን ልስጠው?»

አያ መኮንን ሳቃቸው አምልጧቸው ዘንጋቸው ወደቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ልጂቱ እውነቷን ነው።

ለእሱማ ሙሉውን ትሰጪዋለሽ አልኳት። ከብቱንም፣ ሰብሉንም፣ እናቱንም። ሰልፉ ይጠብቅ፤ እነሱም ተራቸው ሲደርስ መጠየቃቸው አይቀርም።

«ሥራ አስኪያጁስ መጥቶ ሲቆምብኝ ምን ልበለው?»

እናቱን ጠይቂው።